ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ልጅ

ቅዳሜ

እኔ ምን አጠፋሁ? ሂጂ አልኳት፣ ሄደች። ልብሱን አታውልቂ አልኳት፣ አላወለቀችም። ሰው ቢያናግርሽም ከገጸ ባሕርይሽ አትውጪ አልኳት፣ አልወጣችም። እንዲህ ያለ የሚሰማ ተማሪ ካገኘሁ ስንት ዘመኔ! ይኸው ለዚህ ነው ዛሬ የሞላሌ ሰው በሙሉ በጥርሱ የያዘኝ።

እስክሪብቶው ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ሰው የሚያወራውን እኔም አምኜ ቁጭ እላለሁ። የሺመቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከድራማ ክበቤ ልጆች እንደ እሷ ያለ የለም። ሐሙስ በወላጆች ቀን በምናሳየው ቲያትር እናቲቱን የምትጫወተው እሷ ናት። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ልጇ ባሕር ተሻግሮ ሊሠራ የሄደ እናት መርዶ ይመጣባታል። አትጮኽም። ደረቷን አትደቃም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ታነሣና ታዘቀዝቀዋለች፤ ከታች የነበረው ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ይመጣል፤ እንደ ሐዘንተኛ ትለብሰውና ትቆማለች። በቃ። ቲያትሩን በሙሉ የጻፍኩት ለዚያች አንዲት እንቅስቃሴ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስንለማመድ ነጠላው እጇ ላይ አልገራ አላት። የሰው ልብስ የተዋሰች መሰለች፤ ተውሳለችም፣ ነጠላው የኔ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን በኪነት ቡድን ሳለሁ አሠልጣኛችን እኛን እንደሚያደርገን አደረግኳት። ልብሱን እንደለበስሽ ቤትሽ ድረስ በእግርሽ ሂጂ፣ ሰውነትሽ ይልመደው፣ ማንም ቢጠራሽ እናቲቱ ነሽ እንጂ የሺመቤት አይደለሽም አልኳት። እኛን እንደ ለማኝ አልብሶ ገበያ ይሰደን ነበር። አንድም ቀን ድንኳን አልተተከለብንም!

ቅዳሜ ገበያ መሆኑን ረስቼው። መንገዷ በገበያው መሐል መሆኑንም። አባቷ መሪጌታ ፍሥሐ ለዘመድ ተዝካር ራቤል መሄዳቸውንስ ከየት ልወቅ?

ልጅቱ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ በገብስ ተራና በበግ ተራ መሐል አለፈች። እትዬ አማረች አየቻት። እትዬ አማረች የአገሩ አልቃሽ ናት፤ እሷ ሙሾ ካላወረደችበት ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ምነው ልጄ፣ ማን ነው? አለቻት። ዝም። እናትሽ ናት? ዝም። አባትሽ ናቸው? ይሄን ጊዜ የልጅቱ እንባ ዱብ አለ። ወደ መሪጌታ ስልክ ተደወለ፤ አይሠራም። እዚያ ኔትወርክ መቼ ይሠራና! ለእነሱ ግን ይኸው ማስረጃ ሆነ።

ከዚያ ወዲያማ ምኑን ልጻፈው። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ገበያው ተፈታ። እናቷ በራፏ ላይ ተዘረረች። የሺመቤት ከገጸ ባሕርይዋ የወጣችው ያን ጊዜ ነው፤ ቲያትር ነው! ቲያትር ነው! ብላ ጮኸች። እትዬ አማረች፣ ወይኔ ልጅቷን ነካት፣ ያዟት አለች። ያዟት። ውሃ ደፉባት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እውነቱን የምትናገረዋን አንዲት ሰው ተረባርበው ያዙና ውሃ ደፉባት!

እኔስ ብሆን? ጡሩምባውን ስሰማ የቤት ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየሮጥኩ ሄድኩ። መሪጌታ ሞቱ አሉኝ። አለቀስኩ። ስንት ዓመት ሰላምታ ለነፈጉኝ፣ ስሜን እያወቁ "አዝማሪዋ" ለሚሉኝ ሰው አንጀቴ እስኪቆረጥ አለቀስኩ። ድምፃቸውን እወደው ነበር፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ቀና ስል በሴቶቹ ትከሻ መሐል የሺመቤት ውሃ በውሃ ሆና ታየኛለች። አንገቷ ላይ ያለው ጥለት የኔ ነጠላ ጥለት ነው። ክው አልኩ። በሞትኩት! ልናገር ብል በዚያ ለቅሶ መሐል ማን ይሰማኛል!

መሪጌታ ከሰዓት በኋላ በአይሱዙ ጋቢና መጡ። ደጃቸው ላይ ድንኳን አዩ። በርኖሳቸውን ሰብስበው ወረዱና፣ ማን ነው የሞተው? ብለው ጠየቁ። የተጠየቀው ሰውዬ ሳይመልስ ሮጠ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ እትዬ አማረች ግን ዓይኗን ጨፍና ስለነበር አላየችም። ቀጠለች፤

መቋሚያህ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ፣
ማኅሌቱ ነጋ ያለ አንተ ዜማ አልፎ።

መሪጌታ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ማንም አጠገቤ አልቆመም። የኮሶ ዛፉ ሥር ብቻዬን ቀረሁ። ሴቶቹ እያዩኝ ያማትባሉ። እኔ ሰይጣን ነኝ?

ወሬው ይሄ ነው፤ በቁሙ ሙሾ የወረደለት ሰው ብዙ አይቆይም። ሟርት ነው። ጥሩወርቅ፣ ማለት እኔ፣ በመሪጌታ ላይ ሟርት ጠራችባቸው። የየሺመቤት እናት ጠበል አስመጥታ ቤቱን አስረጭታለች። ለሐዘንተኛ ተብሎ የተቀቀለው ንፍሮ እንኳ ይበላ ወይስ ይደፋ ብለው ተከራክረውበት በመጨረሻ ለከብት ተሰጠ አሉ። የገብስና የባቄላ ንፍሮ! ለከብት!

በዚህ ከሄድን እኔ ስንቴ ነው የምቀበረው? ዘመሮ መድረክ ላይ በወሊድ ሞቻለሁ። ራቤል በመርዝ። መሐል ሜዳ ከተማ በባሌ ዱላ። ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ በሳምባ፣ እሱም ሳል ስለምችልበት ተደጋግሞ። ይኸው አምሳን አልፌ ጥርሴ እንኳ አልጎደለም።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እትዬ አማረች ናት። ለማታውቀው ሰው ታለቅሳለች፣ ሰው ታስለቅሳለች፣ ቃል ትፈጥራለች፣ ድምፅዋን ከፍና ዝቅ ታደርጋለች፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል ታውቃለች። ይሄ ምንድን ነው? ሥራዬ አይደለም? እሷ ስትሆን እትዬ፣ የለቅሶ ጌጥ። እኔ ስሆን አዝማሪ። አዝማሪስ ቢሆን ምኑ ነው ነውሩ? እሷኑ ሄጄ ብጠይቃት ደግሞ፣ እኔ ምን አወቅኩ እቴ፣ ልጅቷ አልቅሳ አስለቀሰችኝ ትለኛለች። ሙሾዋ ግን ደህና ነበር። ደህና ብቻ? ጥሩ ነበር። "ግድግዳ ተደግፎ" ያለችበት ቦታ ላይ ጀርባዬ ቀዝቅዟል። በቃ፣ ይሄን ጻፍኩት፤ ማንም አያየውም።

መሪጌታን በደጀ ሰላሙ በኩል ሲወጡ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ልል ስጀምር መቋሚያቸውን አነሡ፤ ሊመቱኝ ሳይሆን ዝም እንድል። ልጄ ከእንግዲህ መድረክ የሚባል ነገር አትረግጥም፣ አበቃ አሉና ሄዱ።

አበቃ! የሺመቤት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቲያትር ልታጠና ነው የምትፈልገው። ይሄን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ፈተናዋን ታልፋለች፣ ጎበዝ ናት። ሐሙስ አባቷ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ካዩዋት በኋላ ነበር ልትነግራቸው ያሰበችው። ካዩኝ ይገባቸዋል ትለኝ ነበር። አሁን እንዴት አድርገው ሊያዩ ነው?

ሰኞ

ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ። አቶ ጌታነህን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። እዚሁ ክበብ ውስጥ አንዲት ቃለ ተውኔት ሰጥቼው፣ "ጌታዬ እንግዶቹ ደረሱ" የምትል፣ እሷን ረስቶ ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ ሹክ ያልኩለት ልጅ ነው። ዛሬ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ "መምህርት ጥሩወርቅ፣ የኅብረተሰቡን ስሜት መጠበቅ አለብን" ይለኛል። ይሄን ቃለ ተውኔት ማን ሹክ እንዳለው እንጃ፤ ይሄኛውን አልረሳም።

ቲያትሩ ይቅር፣ ልጆቹ ባህላዊ ጭፈራ ያሳዩ አለኝ። ጭፈራ ክፉ ነው አልልም። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቼን ደርድሮ ትከሻ ማስመታት ሊሰለቸን ይገባል። እነዚህ ልጆች ትከሻ ብቻ አይደለም ያላቸው፣ አፍም አላቸው። ይሄንኑ አልኩት። ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀርም፤ ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን።

ከዚያ ለሰስ አለ። ካልሆነ እርስዎ ራስዎ እናቲቱን ይጫወቱ አለኝ። የወረዳ እንግዶችም የድሮዋን ጥሩወርቅ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል፣ በልጅነታችን እርስዎን ለማየት አጥር እንዘል ነበር።

እምቢ አልኩ። እንደሱ ብዬ ወጣሁ።

የድሮዋ ጥሩወርቅ። ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። የኪነት ቡድኑ ተበትኖ አገሬ ከገባሁ ጀምሮ መድረክ ላይ አልወጣሁም። ልጆቹን አወጣለሁ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ሚናው ግን የየሺመቤት ነው። ለእሷ ቁመት፣ ለእሷ ዝምታ ነው የጻፍኩት። ከልጅ አፍ ነጥቄ ልብላ?

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ነጠላ አነሣሁ፣ አዘቀዘቅኩ፣ ለበስኩ። እችላለሁ አሁንም። እንዴት አድርጌ እንደምችል! መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ማክሰኞ

ሄድኩ። መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ምን ቆርጦኝ እንደሄድኩ እንጃ።

ግቢ ውስጥ የበግ ጋጣ በር እያበጁ አገኘኋቸው። ተነሥተው አልተቀበሉኝም፣ አላባረሩኝምም። የሺመቤት ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች፤ ዓይኗ አብጧል። እናትየው ጠላ ትቅዳ አትቅዳ ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ አታውቅም፣ ምናምን። አላስጨረሱኝም። ሟርቱን አይደለም የምፈራው ጥሩወርቅ አሉኝ። ሞትማ ሲፈልግ ይምጣ። ያያት ሁሉ የልጅዎ እንባ የእውነት ነበር ነው የሚለኝ። ለማን ነው ያለቀሰችው? ለሌለ ሰው? እንባ እንዲህ የትም የሚፈስ ነገር ነው? አሉ።

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነው። መልስ ሳጣ ደግሞ እናደዳለሁ፣ ይሄ ዐመሌ ነው። እርስዎስ መሪጌታ አልኳቸው፣ በስቅለት ዕለት ሲያዜሙ ድምፅዎ የሚሰበረው፣ ያን ለት ጠዋት ሰው ሞቶብዎት ነው? መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። ያ ጸሎት ነው አሉ። ይሄም የኔ ሥራ ነው አልኩ። አዝማሪዋ ራሷን ከማኅሌት ጋር ታስተካክል ጀመረች አሉ። አዝማሪ አይደለሁም፣ ብሆንም አላፍርበትም፣ እርስዎም መቋሚያ ይዘው ሲሸበሽቡ ሰው አፉን ከፍቶ የሚያይዎ እግርዎ ስለሚያምር ጭምር ነው አልኳቸው።

ወይ ጉዴ። ለመሪጌታ እንዲህ ይባላል? እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ለረጅም ጊዜ እግራቸውን አዩ። ከዚያ መጥረቢያቸውን አነሡና ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ተሰናብቼ ሳይሆን እንዲሁ ወጣሁ።

መንገዱን በሙሉ ብቻዬን ስጨቃጨቅ መጣሁ። ጉም ወርዶ ስለነበር ደግነቱ ማንም አላየኝም። ሳላስበው መልሱ መጣልኝ፤ ለሌለ ሰው አይደለም የሚለቀሰው፣ ያለንን ሰው አስበን ነው። ይሄን እዚያው ማለት ነበረብኝ። ሁልጊዜ መልሱ የሚመጣልኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። በቲያትር ሌላ ሰው ይጽፍልሃል፤ በኑሮ ማን ይጽፍልሃል?

ረቡዕ

ተሸነፍኩ። እኔ ካልተጫወትኩ ቲያትሩ ይሰረዛል አለ አቶ ጌታነህ፤ የሌሎቹም ልጆች ልፋት ገደል ሊገባ ነው። እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ተለማመድን። አዳራሹ የቆርቆሮ ነው፣ ነፋሱ ከላይ ይጮኻል፣ ልጆቹ በጋቢ ተጠቅልለው ያዩኛል። መርዶው ቦታ ላይ ስደርስ ነጠላውን አዘቀዘቅኩ። ዝም አሉ። ከዚያ አጨበጨቡ፣ እያለቀሱም። እኔ ግን ጭብጨባው እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ። በመስኮቱ በኩል የሺመቤት ስታይ አገኘኋት። ስጠራት ሄደች።

አመሻሹ ላይ ቤቴ መጣች። ቅዳሜ የለበሰችውን ነጠላ አጥባ አጣጥፋ ይዛ ነው። ቲቸር፣ መመለስ አለብኝ ብዬ ነው አለች። አልቀበልም ልላት ፈለግኩ፤ እጄ ግን ተቀበለ።

እሱ ነጠላ የእናቴ ነው። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለእሷ ነገርኳት። ኪነት ቡድን ልገባ ከዘመሮ የወጣሁ ዕለት አባቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞተሻል አለኝ። እናቴ አልጮኸችም፣ አትሂጂም አላለችኝም። በራፉ ላይ ቆማ ነጠላዋን አነሣች፣ አዘቀዘቀች፣ ለበሰች። እኔ በሕይወት ቆሜ እያየኋት። ለዘመናት በየመድረኩ የሠራሁት እናት ሁሉ እሷ ናት። አባቴ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ሳያየኝ ሞተ። እልኩ እስካሁን አልወጣልኝም፤ ሰው ሞቶም ይናደዱበታል። እሷ ስትሞት ነጠላውን ወሰድኩ።

የሺመቤት ነጠላውን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ እኔም ልንገርዎት ቲቸር አለች። ገበያ መሐል እትዬ አማረች አባትሽ ናቸው? ስትለኝ፣ አባቴ ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ጋጣው ባዶ ሆኖ፣ በርኖሱ ተሰቅሎ ታየኝ። ለእሱ ነው ያለቀስኩት። ሌላ ማንን አውቄ አለቅሳለሁ?

አባትሽ ይሄን ያውቃሉ? አልኳት። አያውቅም፣ እፈራዋለሁ አለች። ተቆጣኋት። ሕዝብ ፊት መቆም የማትፈራ ልጅ አንድ አባቷን ትፈራለች? ሂጂና ሁሉንም ንገሪያቸው አልኳት። እኔ እንደሆን ሄጄ ያልኩት ሁሉ እሳት ላይ ጋዝ ነው የሆነው።

ሐሙስ



አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰው የመጣው ለልጁ አይደለም፤ የቅዳሜዋን ሟርተኛ ሊያይ ነው። እትዬ አማረች መሐል ላይ፣ ጥሩ ቦታ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ ከመጋረጃ ኋላ፣ ማለትም ከሁለት አንሶላ ኋላ፣ እናቲቱን ለብሼ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያዋን ቃለ ተውኔቴን ደጋግሜ አነበንባለሁ። እንደ ጀማሪ!

የጓሮው በር ተንኳኳ። መሪጌታ ናቸው። በርኖሳቸውን ለብሰዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል፣ የሺመቤትን ከኋላቸው አስከትለዋል። አላዩኝም፣ መሬት መሬት እያዩ ነው የተናገሩት። ልብሱን ስጫት አሉ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። እሷ ነጠላውን ስታዘቀዝቅ እኔ በሕይወት መኖሬን ሕዝቡ ሁሉ እያየ ይሁን። ይኸው ነው።

ልብሱን እያወለቅኩ የሺመቤትን፣ ሁሉንም ነገርሻቸው፣ የዩኒቨርሲቲውንም? አልኳት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ምን አሉ? አልኳት። ምንም፣ በጎቹን ሊያይ ወጣ፣ ጠዋት ተዘጋጂ አለኝ አለች። እናቲቱን ሳወልቅ ሰውነቴ ቀለለኝ፤ ልቤን ግን ትንሽ ነክቶኛል። እዋሻለሁ እንዴ?

መሪጌታ የወረዳ እንግዶች ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። አቶ ጌታነህ ሊያስነሣ ቀረብ አለና ፊታቸውን አይቶ ተመለሰ።

ቲያትሩ ሄደ። ልጆቹ አንድ ሁለት ቦታ ረሱ፣ ሹክ አልኩላቸው። መርዶው ደረሰ። የሺመቤት ቆመች። ነጠላውን አነሣች። አዘቀዘቀች። ጥለቱ አንገቷ ላይ ሲደርስ አዳራሹ እንዴት እንደሆነ ልጽፍ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ መሪጌታን አየ፤ እሳቸው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከዚያ ሁሉም ወደ ልጅቱ ዞረ፣ ከእሷም ዓይኑን አልነቀለም። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ይሄን ጊዜ እትዬ አማረች "ኡኡ" ልትል አፏን ስትከፍት አየኋትና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአንሶላው ኋላ ጡጫዬን አሳየኋት። አፏን ዘጋች። በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

መጋረጃው መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም። ገመዱ ተጠላልፎ አልሳብ አለ። እኔ ከዚህ እስባለሁ፣ ልጆቹ ከዚያ ይስባሉ፣ የሺመቤት መሐል ላይ ቆማለች። ከገጸ ባሕርይሽ አትውጪ ብዬአታለሁ፤ አትወጣም! እንባዋ እየወረደ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። ሕዝቡም የሚያደርገው ጠፋው። እኔም አለቀልኝ ብዬ ነበር።

መሪጌታ ተነሡ። መቋሚያቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ወደ መድረኩ ወጡ። ልጃቸው ፊት ቆሙ። በሁለት እጃቸው ነጠላውን ከትከሻዋ ላይ ወሰዱ፣ አዞሩት፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው መልሰው አለበሷት፤ ሽማግሌ ሐዘንተኛን ሐዘኑን ሲያስተወው እንደሚያደርገው። አለሁ አሉ። አንድ ቃል ብቻ። ያ ማኅሌት የሚሞላ ድምፅ እስከ መጨረሻው ወንበር ደረሰ።

ሕዝቡ ብድግ አለ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ዓርብ

ጠዋት ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ያላመሰገነኝ የለም። ዳቦ ሻጯ፣ ጎሚስታው፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ። እሰይ! ግን ምን እያሉ? መጨረሻዋ! አባትየው የወጣባት! እንዴት አድርገሽ አሰብሻት!

አላሰብኳትም! ቲያትሩ የሚያልቀው መጋረጃው ሲዘጋ ነበር። ያንን ስንት ጊዜ ነው የሰረዝኩት የጻፍኩት፣ አንድ ሰው እንኳ አላነሣልኝም። ከእንግዶቹ አንደኛው፣ ዓይነተኛ የዝግጅት ብልኃት ነው፣ ሽማግሌውን ከታዳሚው መሐል ማስነሣትዎ አለኝ። አቶ ጌታነህም አጠገቡ ቆሞ፣ አብረን ነው ያሰብነው በሚል ዓይነት ይስቃል። ደሜ ፈላ። ቲያትሩን ደብረ ብርሃን ወስዳችሁ አሳዩ፣ ሽማግሌውም እንዳይቀሩ አሉ። እንዳይቀሩ!

እትዬ አማረች ደግሞ መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ ጡጫ ታሳይኛለሽ አንቺ ቀልበ ቢስ አለችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ልጅቷ ዝም ስትል እኔ ከምጮኸው ይብሳል፣ እንዴት ነው ያስተማርሻት? አለችኝ። አልነግራትም። ትንሽ ትለምነኝ።

መሪጌታን ከሰዓት በኋላ በቤታቸው በኩል ሳልፍ አገኘኋቸው። አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። እንዴት ዋልሽ ጥሩወርቅ አሉኝ። በስሜ! እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ልሄድ ስል፣ ቆይ አሉኝ። ልጅቱ ነጠላውን ስታነሣ ጀርባዋን ለግማሹ ሰው ሰጥታለች፤ እኛ በማኅሌት ስንዞር ማንንም አንጋርድም፣ ቀስ ብላ ትዙር አሉኝ።

አሁን ደግሞ እኔን ሊያስተምሩ ነው! ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁበትን! አንድ ጊዜ ቲያትር አይተው! አፌ ላይ ስንት ነገር መጥቶ ዋጥኩት። ትክክል ናቸው እኮ። ግማሹ ሰው ጥለቱ አንገቷ ላይ ሲደርስ አላየም። እንዴት እኔ አላየሁትም?

እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩ። ያ ዩኒቨርሲቲ ይሄን ያስተምራል? አሉኝ። ያስተምራል አልኩ። ዝም ብሎ መቆምንም? እሱን ከሁሉ አስበልጦ አልኳቸው፤ ምናልባት ዋሽቻለሁ። እሺም እምቢም አላሉኝም። ፈተናው ገና ነው አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የእናቴ ነጠላ፣ ያ በቁሜ ያዘቀዘቀችብኝ፣ ታጥቦ አጥራቸው ላይ ተሰጥቷል፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያይበት በኩል፣ ጥለቱ ወደ ታች። የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ ማስቀረት ምን የሚሉት ነው? ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ተውኩት።